ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ለንደንን ማየት፦ አንድ ጥያቄና 22 መልሶች

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ የለጠፈችው ፍራንክፈርት የምትኖር እህት ናት። እናቷ ከአዲስ አበባ መጥተውላታል። ለንደንን ላሳያቸው ብላ የሦስት ቀን ጉዞ አዘጋጅታለች። ወሩ ኅዳር ነው። የአየር ትንበያውን ብታይ ሦስቱም ቀን ዝናብ ነው። የእናቷ ቪዛ በስንት ጣጣ የተገኘ ስለሆነ ጉዞውን ወደ በጋ ማዛወር አይቻልም። እናትየው ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ብዙ መቆምም አይችሉም። በዚህ ሁኔታ ለንደን ውስጥ ምን ማየት ይቻላል? ወይስ ትኬቱ ይቃጠል ተብሎ ቤት መቀመጥ ይሻላል? ጥያቄዋ ይኸው ነው።

ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውንና ከሥሩ የተጻፉትን መልሶች፣ ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። መልሶቹን በራሴ አነጋገር አወራችኋለሁ፤ የምጨምረው ሲኖረኝ እጨምራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልናገር። ለንደን ለዝናብ ቀን በጣም የምትመች ከተማ ናት። ነገር ግን በአንድ ቀን ከአንድ ሰፈር መውጣት አያስፈልግም። ከተቻለ አንድ ሕንፃ ውስጥ ገብቶ፣ እየተቀመጡ እየተነሱ ረጅም ሰዓት መቆየት ነው የሚያዋጣው።

1ኛው መልስ የጨዋ መልስ ነው። ለንደን ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ነው፤ እህቴ አይዞሽ ብሎ ይጀምራል። የለንደን ዝናብ ስሙ ከራሱ እንደሚበልጥ ያስረዳታል። በዓመት የሚዘንበው ወደ 600 ሚሊ ሜትር ነው። አዲስ አበባ ላይ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ልዩነቱ የአዲስ አበባው በክረምት ወራት ዶፍ ሆኖ ይወርድና ይለቃል፤ የለንደኑ ግን ዓመቱን ሙሉ ሲያካፋ ይኖራል። ስለዚህ የሰኔና የሐምሌን ዶፍ ያዩ እናት አይደነግጡም ይላል። ከዚያ ዋናውን ነገር ያነሳል። ትልልቆቹ የመንግሥት ሙዚየሞች ከ2001 መጨረሻ ጀምሮ መግቢያ አያስከፍሉም። የሚከፈለው ለልዩ ኤግዚቢሽኖች ብቻ ነው።

ይህ ነጥብ ክሩ ላይ ቶሎ ታለፈ እንጂ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ብዙ ፓውንድ ከፍሎ የገባ ሰው ገንዘቡ እንዳይባክን ሁሉንም ላዳርስ ይላል። ሽማግሌና አሮጊት የሚደክሙት እዚህ ላይ ነው። በነጻ የገባ ሰው ግን ሁለት ክፍል አይቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ከሰዓት ተመልሶ መግባት ይችላል። ዝናቡ ሲያባራ ወጣ ብሎ፣ ሲጀምር መመለስም ይቻላል። የሚቆጠርበት ነገር የለም።

2ኛው መልስ ሰጪ የአንድ ቀን ዝርዝር ይዞ መጣ። ጠዋት ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ከዚያ ናሽናል ጋለሪ፣ ምሳ ቦሮ ገበያ፣ ከሰዓት ቴት ሞደርን፣ ማታ ኮቨንት ጋርደን። ሐሳቡ ቀና ነው፤ ቦታዎቹም ጥሩ ናቸው። 3ኛው ግን አልማረውም። የሚያማቸው ጉልበት ይዘው የሚሄዱ ሴት መሆናቸውን ሳታነብ ነው የጻፍከው ብሎ ወረደበት። ቀጥሎም የራሱን አክስት ታሪክ ይነግራል። እንደዚሁ በአንድ ቀን ብዙ ቦታ ላሳያት ብሎ ሲያዞራት ውሎ፣ በመጨረሻው ሙዚየም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አልነሳም አለችው። ዘበኛው ሊዘጋ ነው እስኪል ድረስ አልተነሳችም። ለክረምት አገር የሚሆን ጫማም አልነበራትም፤ ካልሲዋ ጠዋት የራሰ ነው። 3ኛው ንግግሩ ትንሽ ከረር ቢልም እውነቱን ነው።

4ኛዋ ሳውዝ ኬንሲንግተን የሚባለውን ሰፈር አነሳች። ከባቡር ጣቢያው የሚነሳ በ1885 የተሠራ የእግረኛ መተላለፊያ ከመሬት በታች አለ። ጠብታ ሳይነካ ወደ ሦስት ሙዚየሞች ያደርሳል፦ ቪክቶሪያና አልበርት፣ የሳይንስ ሙዚየም እና የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም። የተፈጥሮ ታሪኩ ሕንፃ በ1881 የተከፈተ ነው። ገና በዋናው አዳራሽ ሲገቡ ከጣሪያው የተንጠለጠለ የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አጽም ይቀበላል። ርዝመቱ 25.2 ሜትር ነው። እናቶች ይህን አይተው የዮናስን ታሪክ ማንሳታቸው አይቀርም ትላለች፤ የእሷ እናት አንስተዋል።

5ኛው በትሕትና አረማት። መተላለፊያው ደረቅ ነው፤ ጣቢያው ግን ደረጃ አለው። ለሚያማቸው ጉልበት አውቶቡስ ይሻላል። 14 እና 74 ቁጥር ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በር ላይ ያወርዳሉ። የለንደን አውቶቡሶች ወደ እግረኛ መንገዱ የሚዘረጋ መወጣጫ አላቸው። ደግሞ ትልልቆቹ ሙዚየሞች ተሽከርካሪ ወንበር በነጻ ያውሳሉ። እናትየው አልፈልግም ሊሉ ይችላሉ፤ ብዙ እናቶች በሽተኛ መሰልኩ ብለው ያፍራሉ። ቢሆንም ጥቅም ላይ ባይውልም መኖሩን ማወቅ ደግ ነው። 6ኛው ለ5ኛው ምስጋና ብቻ ነው።

7ኛው የአውቶቡሱን ወሬ ያዘና ወደፊት ወሰደው። ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ላይ ከላይ፣ የመጀመሪያው መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ከተማዋን ማየት። የሚመክረው 15 ቁጥርን ነው። ከትራፋልጋር አደባባይ ተነስቶ፣ በፍሊት ጎዳና አድርጎ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል በኩል፣ የለንደን ግንብ ይደርሳል። ውድ የቱሪስት አውቶቡስ የሚያሳየውን ብዙውን ነገር በተራ ዋጋ ያሳያል። 8ኛዋ እዚህ ላይ አልተስማማችም። ዝናብ ሲዘንብ የላይኛው ፎቅ መስታወት በትንፋሽ ይሸፈናል፤ በሶፍት እየጠረጉ ነው የሚታየው። ያ ደግሞ ቀላል ነው። ከባዱ ደረጃው ነው። አውቶቡሱ እየተንቀሳቀሰ ጠባብ ደረጃ መውጣትና መውረድ ለእርሳቸው አይሆንም። እኔም ለዚህች እናት 8ኛዋ ትክክል ናት እላለሁ። ጤነኛ ጉልበት ያለው ሰው ግን 7ኛውን ይስማ። ዝናብ መስታወቱን ሲደበድበው ከላይ ሆኖ ያንን ሁሉ ጃንጥላ ማየት ደስ ይላል።

9ኛው አጭርና ጠቃሚ ነው። አውቶቡሶቹ ከ2014 ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። በባንክ ካርድ ነክቶ መግባት ይቻላል፤ ነገር ግን ለሁለት ሰው አንድ ካርድ አይሠራም። እናትየው የራሳቸው ካርድ ያስፈልጋቸዋል። አንዴ ከነኩ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አውቶቡስ ቢቀይሩ ተጨማሪ አይቆረጥም። ይህን ብዙ እንግዳ ሳያውቅ ዝናብ ውስጥ በእግሩ ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ጃንጥላ ዞረ። 10ኛው ጃንጥላ አትያዙ አለ፤ በቴምዝ ዳር ያለው ነፋስ ይገለብጠዋል። ኮፍያ ያለው የዝናብ ካፖርት ይበቃል። 11ኛዋ ደግሞ እናቷ ካፖርት ላይ ነጠላ ካልደረበች አትወጣም፤ ኮፍያ ከነጠላ ጋር አይሄድም አለች። ስለዚህ ጃንጥላ የግድ ነው። ይህ ጨዋታ የሚመስል ነገር ቁም ነገር አለው። ትልቅ ሰው የለመደውን ልብስ አውልቆ በእንግዳ ልብስ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ይከፋዋል። ነጠላው ይኑር፤ ከላይ ሰፊ ጃንጥላ ልጅቷ ትያዝ። ቅያሪ ካልሲ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። የ3ኛውን አክስት አትርሱ።

12ኛው ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም መለሰን። ለዝናብ ቀን ከዚያ የተሻለ ቤት የለም ባይ ነው። መካከለኛው ግቢ በ2000 የመስታወት ጣሪያ ተሠርቶለታል። ጣሪያው 3,312 መስታወት አለው፤ አንዱም ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት አይደለም። ከሥሩ ተቀምጦ ዝናቡ ከላይ ሲወርድ ማየት ራሱ ጉብኝት ነው። የጥንት ግብፅ ጽሑፍ የተቀረጸበት የሮዜታ ድንጋይ እዚያው ምድር ቤት ነው፤ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ግን አንድ ጣጣ አለው። የቦርሳ ፍተሻው ሰልፍ ደጅ ነው። ስለዚህ የነጻውን መግቢያ ትኬት ቀድሞ በሰዓት መያዝ፣ አለዚያም በኋላ በር፣ በሞንታጉ ፕሌስ በኩል መሞከር። አርብ ዕለት እስከ ምሽቱ 2:30 ስለሚከፈት ማታ ላይ ሰዉ ይቀንሳል።

ጥሩ መልስ ነበር። ክሩን ያጋጋለውም እሱ ነው።

13ኛው ተቆጣ። የተዋሕዶ እናት 11 ታቦት ወደተቀመጠበት ቤት ለሽርሽር ትወሰዳለች ወይ ብሎ ጠየቀ። በመቅደላ የተዘረፈውን ይዘው በር ከፍተው ነጻ ነው ቢሉን እናመስግናቸው ወይ አለ። 14ኛው በዚያው ቁጣ መለሰለት። እንግዲያው ለንደን ምን ልታደርግ ትሂድ፤ እናት ልታሳርፍ የመጣች ልጅ ላይ የ1868ን ጦርነት ለምን ትጭናለህ አለው። 16ኛው የጻፈውን አላየሁትም፤ ስድብ ስለነበረበት አወያዩ አጥፍቶታል።

በመካከል ያለው 15ኛው ግን ከክሩ ሁሉ የተጠና መልስ ነው። ማንንም ሳይነካ ነገሩን አስቀመጠው። ታቦቶቹ ለእይታ አይቀርቡም። ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ካህናት በቀር ማንም እንዳያያቸው ተለይተው ተቀምጠዋል፤ የሙዚየሙ ሠራተኞችም አያዩአቸውም። ስለዚህ ጎብኚ አያገኛቸውም። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው ግን ይታያል። ከመቅደላ የተወሰደ የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ አለ። ዘውዱ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ለጎንደር ቁስቋም ያሠሩት ነው። በ2018 የመቅደላ 150ኛ ዓመት ሲታሰብ ሙዚየሙ ለብቻው ኤግዚቢሽን አድርጎላቸዋል። ብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍትም ወደ 350 የሚሆን የመቅደላ ብራና አለው።

ለምን አይመለሱም ለሚለው ደግሞ ሁለት ሕጎችን ጠቀሰ። የ1963ቱ የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግና የ1983ቱ የብሔራዊ ቅርስ ሕግ ሙዚየሞቹ ከስብስባቸው እንዳያወጡ በእጅጉ ይገድባሉ። በሕጎቹ ያልታሰሩ ግን መመለስ ችለዋል። በኤድንበራ አንድ ቤተ ክርስቲያን የነበረው ታቦት በ2002 አገሩ ገብቷል። የአጼ ቴዎድሮስ ጸጉር በ2019 ተመልሷል። ዌስትሚንስተር አቢይም ያለውን ታቦት ለመመለስ በመርህ ደረጃ መስማማቱ በ2024 ተሰምቷል።

እኔ የ13ኛው ቁጣ ይገባኛል። የሚያንገበግብ ነገር ነው። ነገር ግን ቁጣው የወረደው ያለቦታው ነው። ልጅቷ የጠየቀችው እናቷን ከዝናብ የት እንደምታስጠልል ነው። 14ኛውም ቢሆን ነገሩን ከሽርሽር ጋር አያይዞ ማቅለል አልነበረበትም። እናትየው አዋቂ ሰው ናቸው። ቀድሞ ቢነገራቸው ራሳቸው ይወስናሉ።

ይህንኑ 17ኛዋ በራሷ ታሪክ አሳየች። አባቷን ሳትነግራቸው ዘውዱ ጋ ወሰደቻቸው። ደስ ይላቸዋል ብላ ነው። አባትየው ረጅም ጊዜ ቆመው አዩት፤ ከዚያ ለዘበኛው ማን ሰጣችሁ ብለሽ ተርጉሚልኝ አሏት። እሷም ተጨንቃ ተረጎመች። ዘበኛው ከአክብሮት ጋር፣ ጥያቄው ተገቢ እንደሆነና እሱ ግን መልስ መስጠት እንደማይችል ተናገረ። አባትየው በቀሩት ቀናት ሌላ ሙዚየም አልገባም አሉ። ቀድማ ብትነግራቸው ኖሮ ተዘጋጅተው ይሄዱ እንደነበር ታስባለች። ከክሩ ሁሉ ይህ መልስ ነው ልቤን የነካው።

18ኛዋ ጠያቂዋ ራሷ ናት፤ ተመልሳ መጣች። ሁሉንም አመሰገነች፤ 13ኛውንም ጭምር። እናቷን ጠይቃለች። እናትየው ዘውዱን ማየት ይፈልጋሉ፤ ታቦቱ ያለበት ቤት ግን አልገባም ብለዋል። ሌላው የሚወዱት ተክል ነው። አዲስ አበባ ግቢያቸው ውስጥ ከሮማን እስከ ጤና አዳም የሌለ የለም። ደግሞ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ጉዞው ከዚያ በኋላ ነው። የሚበላ የጾም ምግብ አሳስቧታል።

19ኛው ለተክሉ መድኃኒት አለው፦ ኪው የዕፅዋት ማዕከል። እዚያ በ1848 የተጠናቀቀ የፓልም (የዘንባባ) ቤት አለ፤ ብረትና መስታወት ብቻ ነው። ውስጡ እንደ ሞቃት አገር ይሞቃል። ውጭ ብርድና ካፊያ ሆኖ ከዚያ ሲገቡ መነጽር ወዲያው ይሸፈናል። ቪክቶሪያ በር በሚባለው ቢገቡ ቅርብ ነው። መግቢያው ይከፈልበታል፤ ይህን ሳይደብቅ ተናግሯል። ኪው የኢትዮጵያን ቡናና እንሰት የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ያሉት ተቋም ነው። ስለዚህ እናትየው ስለ ግቢያቸው የሚያወሩት አያጡም። ምግቡን በተመለከተም ካሌዶኒያን ጎዳና አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። ሩቅ ከሆነ ደግሞ ለንደን ውስጥ ቪጋን (የእንስሳት ተዋጽኦ የሌለበት) ተብሎ የተጻፈበት ምግብ በየካፌው ሞልቷል። እኔ የምጨምረው ሰዓቱን ነው። እናትየው እስከ ከሰዓት ድረስ የሚጾሙ ከሆነ የጠዋቱን ጉብኝት ማሳጠር ያስፈልጋል። ባዶ ሆድ፣ ብርድና ደረጃ አንድ ላይ አይሆኑም።

20ኛዋ ዘግይታ መጥታ የምወደውን ነገር ተናገረች። አንድ ቀን፣ አንድ ቤት። ለእሷ ያ ቤት ናሽናል ጋለሪ ነው። ክፍሎቹ መሃል መሃል ላይ ምቹ መቀመጫ አላቸው። አንድ ሥዕል ፊት ተቀምጦ ግማሽ ሰዓት መቆየት ማንንም አያስገርምም። ስብስቡ ውስጥ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ተርነር በ1844 ያሳየው የዝናብ፣ የእንፋሎትና የፍጥነት ሥዕል አለ። ባቡር በዝናብ ውስጥ የቴምዝን ድልድይ ሲሻገር ነው። ሀዲዱና ሰማዩ ተደባልቀዋል። የሙዚየሙ የቀረው ክፍል ቢታለፍም ለእንዲህ ያለ ቀን ይህ ይበቃል ትላለች። የቆዩ የቅድስት ማርያምና የመላእክት ሥዕሎችም ስላሉ እናትየው ማንም ሳያስረዳቸው ብዙውን ያውቁታል። እኔም ለኦርቶዶክስ እናት ከዚህ የሚቀርብ ሙዚየም ለንደን ውስጥ አላውቅም። ከፊት ለፊቱ ቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከሥሩ ባለው ምድር ቤት ካፌ ተከፍቷል። መንገድ ተሻግሮ ሾርባና ሻይ ማግኘት ይቻላል። አርብ ዕለት ጋለሪው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አይዘጋም።

እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው ሮያል ፌስቲቫል ሆልን ነው። በ1951 የተሠራ የሙዚቃ አዳራሽ ነው፤ ከዋተርሉ ጣቢያ ቅርብ። የውጭኛው አዳራሹ ለማንም ክፍት ነው። ሰው ሳይጠይቅህ ወንበር ይዘህ ትቀመጣለህ፤ ወንዙን በመስታወት ታያለህ። ልጅ ይዞ የሚመጣ አለ፣ የሚያጠና ተማሪ አለ። ከተማ ውስጥ ሳይገዙ መቀመጥ የሚቻልበት ሙቅ ቦታ ማወቅ በዝናብ ቀን ትልቅ ነገር ነው።

21ኛው ከርዕስ ወጣና ሮምን ጠየቀ። እሱም በዝናብ ይሄዳል፤ ፓንቴዮን የተባለው ጥንታዊ ሕንፃ ውስጥ ዝናብ ይገባል የሚባለው እውነት ነው ወይ አለ። 22ኛው ሮም የሚኖር ሰው ነው መሰለኝ፣ እውነት ነው አለ። ጉልላቱ አናት ላይ ስፋቱ ወደ 9 ሜትር የሚጠጋ ክብ ቀዳዳ አለ፤ መስታወት የለውም። ዝናቡ ወለሉ ላይ ይወርዳል። ወለሉ በትንሹ ወደ ጎን ያዘነበለ ስለሆነ ውኃው በትናንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። ሲዘንብ መሃሉን ስለሚያጥሩት በዙሪያው ቆሞ ማየት ነው። ከ2023 ጀምሮ መግቢያው ይከፈልበታል።

ለ21ኛው ሰው አንድ ነገር ልንገረው። የሮም ዝናብ በዓመት ሲደመር ከለንደን ይበልጣል፤ ጥቅምትና ኅዳርም ዋነኞቹ የዝናብ ወራት ናቸው። አወራረዱ ግን እንደ ለንደኑ አይደለም። በኃይል ይመጣል፣ ይለቃል። ስለዚህ እዚያ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ማቀድ አያስፈልግም። በየመንገዱ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ በነጻ ያስገባሉ። ግን ብዙዎቹ በምሳ ሰዓት ይዘጋሉ። የሚጠለልበትን ከሰዓት በኋላ ከማሰቡ በፊት ሰዓታቸውን ይይ።